አንቱ ያለው ገዳይ

እናንተ ቴሌቪዥን ስታዩ ምኑን ትፈራላችሁ? እኔ ጽሑፉን ነው የምፈራው። ደሙ ቀለም መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢላዋው ሽንኩርት እንኳ እንደማይቆርጥ አውቃለሁ፤ ትናንት ተገድሎ ያለቀስኩለት ተዋናይ ዛሬ ሌላ ጣቢያ ላይ ሳሙና ሲያስተዋውቅ አየዋለሁ። የሚያስበረግገኝ ድራማው ሊጀመር ሲል በጥቁር መደብ ላይ በነጭ ፊደል ብቅ የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ይህ ታሪክ በእውነተኛ የወንጀል ድርጊት ላይ የተመሠረተ ሲሆን የባለታሪኮቹ ስምና ቦታው ተቀይሯል።»

ይቺን የጻፈ ሰው ንጹሑን ከሐሜት ልጠብቅ ብሎ እንደጻፋት አልጠራጠርም። ግን እስቲ ረጋ ብላችሁ አስቡት። ገዳዩ በድራማው ውስጥ ታደሰ ከተባለና ስሙ ደግሞ የተቀየረ ከሆነ፣ በአገሪቱ ያለ ታደሰ ሁሉ በዚያች ደቂቃ ነፃ ወጣ ማለት ነው። ታደሰ ያልተባልን ሁላችንም ተጠርጣሪዎች ነን። ድሮ ተረት የሚነግረን ሰው ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይለን ነበር፤ ተረቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ እኛም በሰላም እንተኛለን። የዛሬው የቴሌቪዥን ተረት ግን መላሽ የለውም። ድራማው ሲያልቅ ሬሳው እኛ ሰፈር ይቀራል፣ እኛም ገዳይ ፍለጋ እንወጣለን።

ይህን የምለው ደርሶብን ነው። ከዚያ በፊት ግን ስለ አንዲት ቃል ላጫውታችሁ፤ ያለ እሷ ነገሩ አይገባችሁም።

እኔ ድሬዳዋ የመጣሁት በወጣትነቴ የአማርኛ መምህር ሆኜ ነው። ያደግሁት ደጋ ነው፤ አባቴን «አንቱ» እያልኩ፣ የአባቴን በቅሎ እንኳ «አንተ» ለማለት ግራ ቀኝ እያየሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ስገባ ከፊት ወንበር የተቀመጠ ተማሪ ላቤን አየና «አንተ ቲቸር፣ ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል?» አለኝ። ደሜ ፈላ። በማግስቱ ተውላጠ ስም አስተምራለሁ ብዬ «አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እርስዎ» ብዬ ጻፍኩና የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት። ያው ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ያቺ ለማን ናት?»

«ለምናከብረው ሰው።»

«አቦ ቲቸር! የምናከብረውንማ እናውቀዋለን። የምናውቀውን ሰው እንዴት እንደማናውቀው አድርገን እናወራዋለን?»

ለዚህ ጥያቄ እስከ ጡረታዬ ድረስ መልስ አላገኘሁለትም። ድሬ ላይ ሹሙም አንተ ነው፣ ሐጂውም አንተ ነው፣ አያትም አንቺ ናት። «እርስዎ» ከባቡር ወርዶ አቅጣጫ ለሚጠይቅ እንግዳ የምትሰጥ ቃል ናት፤ እሷም እስከ መጀመሪያው ሻይ ድረስ ብቻ። እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩ፤ ሽርጥ ታጥቄ በረንዳ ላይ መቀመጥ ስጀምር «አንተ» መባልም ይጣፍጠኝ ጀመር። ስለዚህ ከዚህ በታች ሽማግሌውን ሁሉ «አለ»፣ «መጣ» እያልኩ ሳወራ ነውር አድርጋችሁ አትዩብኝ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ።

ሰፈራችን ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ሐሙስ ማታ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ የሰፈሩ ሰው ዑመር ሱቅ በረንዳ ላይ ይሰበሰባል። ዑመር ባለሱቅ ነው፤ ሰፊ ቴሌቪዥን አለው፣ እሱ ራሱም ሰፊ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ መንገዱ ላይ ያለ ሰው ምስሉን የሚያየው በግማሹ ነው። በሐሙስ የሚቀርበው ያው ወንጀል በወንጀል የሆነው ድራማ ነው። ነገሩ በተጀመረበት ሐሙስ የቀረበው ሁለት ክፍል ያለው ታሪክ ነበር፤ ቦታው «በምሥራቅ የምትገኝ አንዲት ሞቃታማ ከተማ» ተባለ። ገና ሙዚቃው ሳያልቅ አሸዋ የሞላው ወንዝና በላዩ ላይ የተዘረጋ ድልድይ ታየ።

«ደቻቱ ነው!» አለ ዑመር።

«ቦታው ተቀይሯል ብለው ጽፈዋል እኮ» አለ ሙሴ ኃይሉ። ሙሴ ኃይሉ ዕድሜውን በምድር ባቡር የጨረሰ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ፣ ቢያንስ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሽማግሌያችን ነው፤ «ሙሴ» የምንለውም በፈረንሳይ አፍ «አቶ» ለማለት ነው።

«ታዲያ የቀየሩት ከደቻቱ ማዶ ወደ ደቻቱ ወዲህ ነዋ! ውሃ በሌለው ወንዝ ላይ ድልድይ የሠራ ከእኛ ሌላ ማን አለ?»

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሁለት ሸሪኮች ፍሪጅ ይጠግናሉ። አንደኛው፣ ታደሰ የሚባለው፣ ሸሪኩን ይገድልና ሬሳውን በተበላሸ ትልቅ ፍሪዘር ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጠዋል። ሰው «ጓደኛህ የት ሄደ?» ሲለው «ወደብ ሄዷል፤ እዚያው ሥራ ይዟል» ይላል። መርማሪው የሱቁን በር ሲያንኳኳ «ይቀጥላል» የምትል ጽሑፍ መጣች።

ማንም ለማንም ሳይነግር፣ ሁሉም ራስ ወደ ማዶ ዞረ።

ከዑመር ሱቅ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የበየነ ፍሪጅ መጠገኛ ነው። በየነን የማያውቀው የለም፤ በዚህ ሙቀት ፍሪጅ ጠጋኝ ማለት የነፍስ አባት ማለት ነው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፣ እዚያው ቤት ተወልዶ እዚያው አርጅቷል፣ ሚስቱ ካረፈች በኋላ አንድ ሴት ልጁን ሜሮንን ብቻውን አሳድጓል። ድሮ አብዲ የሚባል ሸሪክ ነበረው። አብዲ ጅቡቲ ሄደ። በየነም ሰው ሲጠይቀው «ወደብ ነው፣ እዚያው ሥራ ይዟል» ይል ነበር። ሱቁ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ የአይስክሬም ፍሪዘር አለ፤ እንኳን ቴሌቪዥን ያየ ሰው፣ ዕውርም ቢሆን በላዩ ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ ሲንኳኳ ይሰማዋል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ተረቱ። የተጠረጠረው ምን እንደሚሆን ግን አይነግረንም።

በማግስቱ ከሰዓት በርጫው ላይ ወሬው ቅርጽ ያዘ። በርጫ ላይ የሚነሳ ነገር እንዴት እንደሚያድግ ታውቁታላችሁ፤ ጫቱ ሲጀመር «እንዲያው ነገሩን ነው» የተባለው፣ ምርቃናው ሲመጣ የሰነድ ማስረጃ ይሆናል። አንዱ አብዲ ሲሄድ ማንም ባቡር ጣቢያ እንዳልሸኘው አስታወሰ። ሌላው በየነ ሥጋ እንደማይወድ አስታወሰ፤ ለምን እንደማይወድ አሁን ገባው። በየነ ራሱ ከእኛ ጋር ቢቀመጥ ኖሮ የሚያፍር ይገኝ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን ሥራ በዝቶበት አልመጣም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

«ለምን ለአብዲ አንደውልለትም?» አልኩ እኔ። አስተማሪ ነኝና ምንጭ ይጣራ ማለት ልማዴ ነው።

ሁሉም ተስማማ። ዑመር የአብዲን የጅቡቲ ቁጥር ከስልኩ ፈልጎ አገኘና ደወለ፤ ድምፁን ለሁላችን ከፈተው። አንዲት ሴት በፈረንሳይኛ ለስለስ ብላ ተናገረችና ዘጋች።

ሁላችንም ወደ ሙሴ ኃይሉ ዞርን። ሙሴ ኃይሉ ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ምን አለች?»

«የለም አለች።»

እኔ በማስተማር ዘመኔ ግስ ሰው ይገድላል ብዬ አስተምሬ አላውቅም። ይኸው ገደለ። በፈረንሳይኛ ስልኩ ተዘግቷል የምትለዋ ማሽን፣ ሙሴ ኃይሉ አፍ ውስጥ ገብታ ስትወጣ «የለም» ሆነች፤ በአማርኛ ደግሞ ቤቱ የሌለም የለም ነው፣ ምድር ላይ የሌለም የለም ነው። ዑመር «ኢና ሊላሂ» አለ። አብራን የነበረች አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቀዘቀች። አብዲ በዚያ ከሰዓት በይፋ ሞተ።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ ሳቅ ነበር። ግን ሜሮን ነበረች።

ሜሮንን ኤርሚያስ የሚባል ልጅ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። ከሁለተኛው ክፍል ቀጥሎ ባለው እሑድ የልጁ ወገኖች ሽማግሌ ሊልኩ ተቆርጦ ነበር። ኤርሚያስን ያሳደገችው አክስቱ ጽጌ ናት፤ ጽጌ ሙሸበክ እንላታለን፣ ሙሸበክ ጣፋጭ ስለምትጠብስ ነው፤ ምላሷ ግን ስኳር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። እሷም ድራማውን አይታለች። ለሜሮን የላከችው መልእክት አጭር ነበር፤ «እስቲ ክፍል ሁለትን እንየውና።»

እንግዲህ አስቡት። የሰው ልጅ ትዳር በባሕርይ ይበላሻል፣ በዘር ቆጠራ ይበላሻል፤ በ«ይቀጥላል» ሲበላሽ ግን እኔ የመጀመሪያዬ ነው።

ሜሮን ቤቴ መጣች። ተማሪዬ ነበረች። በሩ ላይ እንደቆመች፣ «ቲቸር፣ አንተም ነበርክ አሉ» አለችኝ።

«ነበርኩ።»

«አባቴ እኮ ዶሮ ሲታረድ ግቢውን ለቆ የሚወጣ ሰው ነው። አብዲ ደግሞ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፤ ወደብ ካልወረደ ስልኩ አይሠራም። ይህን ማንም ቢጠይቀው ይነግረው ነበር። ግን ወሬው ከተነሳ ወዲህ ማንም አልጠየቀውም፤ መንገዱን ተሻግሮ አንድ ሰው አልጠየቀውም!»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ሱቁ ውስጥ። የጽጌን መልእክት ካሳየሁት ጀምሮ አያወራም። ያለቀውን ፍሪጅ እንደገና ይፈታል፣ እንደገና ይገጥማል።» አለቀሰች፤ ከዚያ በእንባዋ መሃል ሳቀች። «አንተው አስበው እስቲ፤ ኤርሚያስን ብናጣው ለሰው ምን እንላለን? ቴሌቪዥን ከለከለን?»

ልሳቅ ወይ ላልቅስ ቸገረኝ። ለዑመር ነገርኩት፤ ዑመርም ጸጉሩን አከከና «ወላሂ ቲቸር፣ ልክ ናት። ግን ክፍል ሁለት ሐሙስ ነው፤ አሁን ምን ማድረግ ይቻላል?» አለኝ። ይታያችሁ፤ የበየነ ጉዳይ እኛ እጅ ላይ የለም፤ አዲስ አበባ ያለ አንድ ደራሲ እጅ ላይ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ፍርዱን የሚጠብቀው ከማያውቀው ሰው ብዕር ነበር።

ሐሙስ መጣ። እንዲያ ያለ ሰው ዑመር በረንዳ ላይ ተሰብስቦ አላየሁም። ማዶ የበየነ ሱቅ መብራት በርቷል፤ ጥላው እየጎነበሰ ይነሳል። ጽጌ ከፊት ተቀምጣለች፤ የዛሬዋ ዳኛ እሷ ናት። ሙሴ ኃይሉ መነጽሩን ጠርጎ ጨረሰና እንደገና ጠረገ።

ድራማው ሄደ፣ ሄደ፤ በመጨረሻም ፍሪዘሩ ተከፈተ። ያየነውን አልነግራችሁም፣ እራት ልትበሉ ትችላላችሁ። ታደሰ በካቴና ታሰረ። መርማሪው ፊት ለፊቱ ቆመ። ታደሰ ተንበረከከና እያለቀሰ እንዲህ አለ፤

«ጌታዬ፣ እርስዎም ልጅ ይኖርዎታል። እባክዎን ይዘኑልኝ። ይቅር ይበሉኝ፤ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው።»

«ቆይ! ቆይ!» ጽጌ ብድግ አለች። «ምን አለው?»

«ይቅር ይበሉኝ አለው።»

«ማንን?»

«ፖሊሱን።»

«ስንት ፖሊስ ነው ያለው?»

«አንድ።»

«ታዲያ ምን ያበዛዋል?»

ሁሉም በአንዴ መናገር ጀመረ።

«የድሬ ልጅ አይደለም!» አለች ጽጌ። «ወላሂ አይደለም!» ጽጌ ማዕተብ ያሰረች ሴት ናት፤ ድሬ ላይ ግን መሐላ ሃይማኖት አይለይም፤ ለሚያምኑበት ነገር የቀረበው ይጠራል። «የድሬ ልጅ ፖሊስ ቢይዘው ምን ይላል?»

«‹አቦ ልቀቀኝ!› ነዋ የሚለው» አለ ዑመር።

«በካቴናም ቢሆን?» አለች ጽጌ።

«ይሰቅሉታል ቢባልስ? ገመዱን አንገቱ ላይ ለሚያጠልቅለት ሰው ‹አንተ፣ ቀስ በል› ነው የሚለው! ድሬ ተወልዶ ጌታዬ የሚል ገዳይ የለም። ይሄ የሌላ አገር ሬሳ ነው!»

«ሃላስ!» አለ ሙሴ ኃይሉ፣ ኮፍያውን እየደፋ። ጉዳዩ ተዘጋ።

አሁን አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። የበየነ እናት ደገኛ ነበረች። ባልዋን እስክትሞት ድረስ አንቱ ስትለው፣ በየነንም ትንሽ ሳለ አባቱን አንቱ እንዲል በቁንጥጫ ስታስተምረው የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሁሉ ያውቃሉ፤ ያን ማታ ግን ማንም አላስታወሰም። እኔ አስታወስኩ። በሰዋስው ረገድ ማስረጃቸው ውድቅ ነበር። ግን ሰው በሐሰት ማስረጃ ተከሶ በሐሰት ማስረጃ ነፃ ሲወጣ ላርማችሁ ማለት የአስተማሪ ነገር እንጂ የሰው ነገር መስሎ አልታየኝም።

ዑመር እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ማዶ ጮኸ፤ «በየነ! ነፃ ወጥተሃል!»

የበየነ መብራት ጠፋ። ደስታ ነው ብለን ወሰድነው።

እሑድ ለሽምግልና የተመረጥነው ሙሴ ኃይሉ፣ ዑመርና እኔ ነበርን። ጽጌ በወጉ መምጣት አልነበረባትም፤ ግን በዚያ የምታልፍ መስላ ከኋላችን ተከተለች። የበየነ ቤት ከሱቁ ጋር ተያይዞ ከኋላ ነው። በሩ ተከፈተ። በየነ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ቆሟል። በዚያ ሙቀት! እኛ ያን ሰው ከሽርጥ በቀር ለብሶ ያየነው ሚስቱን የቀበረ ዕለት ነው።

«እንደምን ዋሉ?» አለ። «ይግቡ።»

ዑመር ከኋላው ማን እንደመጣ ለማየት ዞረ። ከጽጌ በቀር ማንም አልነበረም።

«እዚህ ይቀመጡ፣ አቶ ዑመር። ሙሴ ኃይሉ፣ እርስዎም ከፍ ይበሉ። መምህር፣ እርስዎም።» ከዚያ ጽጌን አያት። «ወይዘሮ ጽጌ፣ እርስዎን ምን እንስጥዎት?»

ጽጌ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥ ይልቅ ወደቀችበት ማለት ይቀላል። ጆሮዬ ላይ አፍዋን አስጠግታ፣ «ቲቸር፣ አንቱ ይላል እኮ! እሱ ነው እንዴ?» አለችኝ። ላቧ ሲወርድ አየሁት። በራሷ ማስረጃ ነፃ ያወጣችው ሰው በራሷ ማስረጃ ፊቷ ቆሟል፤ የሱቁ ጥግ ላይ ያለው ፍሪዘርም በክፍቱ በር በኩል ይታያል።

ሙሴ ኃይሉ ተነሳ። ጉሮሮውን ጠርጎ በወጉ ጀመረ። «በየነ፣ እንግዲህ ልጅህን ለልጃችን…»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ በየነ። «እርስዎን የት ነው የማውቅዎት?»

«እኔን? እኔን ኃይሉን?»

«ጎረቤቶች ነበሩኝ፤ እነሱ ያውቁኝ ነበር። እዚህ ቤት ስወለድ፣ ሚስቴን ስቀብር፣ ፍሪጃቸው ሲቆም በየነ እያሉ ይጠሩኝ ነበር። እነሱ ቢሆኑ መንገዱን ተሻግረው ‹በየነ፣ አብዲ የት ሄደ?› ብለው በጠየቁኝ ነበር። የማያውቀኝ ሰው ግን አይፈረድበትም፤ በቴሌቪዥን ያየውን ያምናል። እናንተንም አልቀየማችሁም።» ከረባቱን አስተካከለ። «ግን ለማላውቃቸው ሰዎች ልጄን እንዴት ልስጥ?»

ድምፁ አልተለወጠም። ቢቆጣ፣ ቢሰድበን፣ ጠርሙስ ቢወረውርብን ምንኛ ጥሩ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ እያሰመርኩ ያስተማርኩት ቃል፣ ያን ቀን ገና ገባኝ። ያ የፊት ወንበር ተማሪዬ እውነቱን ነበር። በየነ በክብር ከቤቱ አስወጣን፤ እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳስቀመጠን አስወጣን። ከጓዳው መጋረጃ ሥር የሜሮን ጫማ ይታየኛል፤ አይንቀሳቀስም። ጽጌ አንገቷን ደፍታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ያኔ ነው ዑመር ያልቻለው። ያን የሚያህል ሰውነቱን ይዞ ብድግ አለና ሁለት እጁን ዘረጋ።

«አቦ በየነ! አቦ በአላህ! አንቱ ከምትለን ግደለን!»

«ግደለን» የምትለዋ ቃል ጣራው ላይ ደርሳ ተመልሳ መሃላችን ቁጭ ያለች መሰለኝ። ዑመርም የተናገረው ዘግይቶ ገባው፤ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

መጀመሪያ የሳቀችው ሜሮን ናት። ከመጋረጃው በስተኋላ ፍርፍር ብላ ሳቀች። በየነ ከንፈሩን ነከሰ። ግንባሩን አኮሳተረ። ወደ ጣራው አየ፣ ወደ መሬት አየ፣ በመጨረሻም ዑመርን ከእግር እስከ ራሱ ለካው።

«ዋሪያ ዑመር!» አለ፣ ወዳጅ በሚጠራበት በሰፈራችን ቃል። «አንተን ማን ይገድልሃል? የምትገባበት ፍሪዘር አልተሠራም!»

«አንተ አለኝ!» ብሎ ጮኸ ዑመር። «ሰማችሁ? አንተ አለኝ!» ዘሎ አቀፈው። በየነም ከትከሻው በላይ «አንቺ ጽጌ፣ ምን ታለቅሻለሽ? ሙሸበክሽስ የታለ? ባዶ እጅሽን ነው ልጄን ልትወስጂ የመጣሽው?» አላት። ጽጌ እያለቀሰች «አንቺ በለኝ፣ ስደበኝ፣ እሰየው» አለችው። ሙሴ ኃይሉ ያቋረጠውን ንግግር ልቀጥል ሲል «ሃላስ፣ ሰጥቻለሁ፣ ተቀመጥ አንተ ሽማግሌ» ተባለ።

በየነ ከረባቱን ፈታና ወደ ሱቁ ሄደ። ፍሪዘሩን ሲከፍት ሁላችንም ሳናስበው አንገታችንን አሰገግን። ውስጡ ለስላሳ መጠጥ ነበር፤ ጢም ብሎ የሞላ፣ ለዚያ እሑድ ከሳምንታት በፊት የተዘጋጀ። «ይሄ ቁልፍ ግን ለምንድን ነው?» አልኩት። «በሩ አልዘጋ ብሎኝ ነዋ» አለ። የሰፈሩን ሁሉ ፍሪጅ ሲጠግን የራሱን መጠገኛ ጊዜ አላገኘም።

ሠርጉ ላይ አብዲ ከጅቡቲ መጣ። በሕይወት አለ፤ እንዲያውም ወፍሯል። ለልቅሶው ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሴት ሰላም ስትለው ትንሽ አፈረች። ጽጌ ግን ከሩቅ ሆና አይታ አይታ፣ «አብዲ ነው እርግጥ? ድሮ እንዲህ አልነበረም» ብላኛለች። ሐሙስ ሐሙስ አሁንም ዑመር በረንዳ ላይ ነን። ያቺ ነጭ ጽሑፍ ስትመጣ ዑመር «የሌላ አገር ሬሳ ነው» ብሎ አስቀድሞ ፍርድ ይሰጣል፤ ከዚያ በሰላም እናያለን።

በየነ ግን ከዚያ ወዲህ መሣሪያ አገኘ። ያስቀየመውን ሰው አይሰድብም፣ አይቆጣም። «ደህና ነዎት?» ይለዋል። ይህን የተባለ ሰው በዚያው ቀን ሽማግሌ ይልካል። ሙሴ ኃይሉ አንዴ ተብሎ ምሳ መብላት አቅቶት ነበር።

እኔም ሰሞኑን ፍሪጄ ቆመብኝ። ሄጄ ነገርኩት። በየነ ዊንጩን አስቀመጠና እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሜሮን ይህን ወግ እየጻፍኩ እንደሆነ ነግራዋለች ለካ። «ስሜን ትቀይረዋለህ?» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ራሱን ጎንበስ አድርጎ፣ «መምህር፣ እርስዎ ያሉት ሁሉ ይደርሳል፤ ነገ ይምጡ» አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ። «ነገ ይምጡ» አለኝ። ውሃዬ ሞቋል፣ ወተቴ ተበላሽቷል፣ ከሁሉም በላይ ግን ልቤ አዝኗል።

ስለዚህ ከእናንተ መሃል ለሽምግልና የሚሆን ሰው ካለ፣ ደቻቱ ዳር ብቅ ይበልልኝ። ስትገቡ ግን አደራ፤ «እንደምን ዋሉ» ብላችሁ እንዳትጀምሩ።